ሰባተኛው ካርቶን

ዘሀራ፣ አሰላሙ አለይኪ።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአሥራ ሦስት ቀን ሆነን። ቀኑን የቆጠርኩት ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው ብዬ አላታልልሽም። የምቆጥረው መቁጠር ስለማውቅ ነው። ከመቁጠር ሌላ ብዙም የማውቀው ነገር እንደሌለ አንቺ ከማንም በፊት ደርሰሽበት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለአንቺ ጽፌ ለሰው ነው የምሰጠው። በለቅሶሽ ላይ "ምስኪን፣ የራሷን መድኃኒት ረስታ ወጣች" ሲባል ሰምቶ ከንፈሩን የመጠጠ ሁሉ ያንብበው። አልረሳሽም። እንደረሳሽ አድርጌ ያወራሁት እኔ ነኝ። ኢንሱሊንሽን ሰባተኛው ካርቶን ውስጥ ያሸግኩት፣ ካርቶኑን ከጭነቱ ሥር ያስቀመጥኩት፣ አውጣልኝ ስትዪኝ አልፈታም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንቺ፣ እኔና ሹፌሩ አበራ። አንቺ ሞትሽ፣ አበራ ዝም አለ፣ እኔ ዋሸሁ። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ልጃችን ሐያትም አውቃለች። እንዴት እንዳወቀች ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ቤትሽ ቆሟል፤ ግድግዳውና ጣሪያው ማለቴ ነው። በጦር ተይዞ የነበረው ከተማችን ወልድያ ተለቆ ስመለስ በር አልነበረውም። ፍሪጁ ተወስዷል፤ የመብራት ማብሪያው ሳይቀር ከግድግዳው ተነቅሏል፤ የማድ ቤቱ መደርደሪያ ለማገዶ ተፈልጧል። ሎሚሽን አልነኩትም። ዘንድሮም አፍርቷል፤ የሚለቅመው ስለሌለ ሥሩ ላይ ወድቆ ይበሰብሳል።

ጎረቤቱም ሲመለስ የጠበቀው ይኸው ነው። ሾርባ የሚጠጣበት ማንኪያ ያጣ ቤት አለ። የእኛ ዕቃ ግን ተመለሰ። ሰው ወደ ከተማው መግባት በጀመረ በሁለተኛው ወር አበራ አይሱዙውን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ደሴ ያለውን የሐያትን ቤት ስለማያውቅ ያን ሁሉ ጊዜ ጭነታችንን እንደያዘ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ ከርሞ ሠላሳ አንዱንም ካርቶን እንደታሸገ አመጣልኝ። አንዱም አልተከፈተም፤ አንዱም አልረጠበም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አላህ ጠበቀልህ አለኝ። እኔ ዝርዝሩን ይዤ በር ላይ ቆሜ፣ እያንዳንዱን በቁጥሩ እያመሳከርኩ አስገባሁ። በሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ሥራዬ እንደዚህ ያለ ርክክብ ገጥሞኝ አያውቅም። ዕቅዴ አንድም ሳይጎድል ተሳክቷል። የጎደለው ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ነው።

ካርቶኖቹን ሳሎን ውስጥ በቁጥራቸው ደረደርኳቸው፤ አልከፈትኳቸውም። ግማሽ ዓመት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ኩባያና አንድ ድስት ይዤ በአጠገባቸው ኖርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ሁኔታው አይታወቅም፣ ተመልሰን ልንወጣ እንችላለን እል ነበር። ሰባተኛውን መክፈት ፈርቼ ነው። ሰባተኛውን ዘልሎ ስምንተኛውን መክፈት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሽው።

አንቺም ሳታውቂ አልገባሽበትም። ስንጋባ ከሐራ ወደ ወልድያ ያመጣነው ዕቃ አንድ ጋሪ አይሞላም ነበር፤ እኔ ግን ያኔም ወረቀት ይዤ እመዘግብ ነበር። ፍራሹ ላይ ተቀምጠሽ "እኔስ ስንተኛ ላይ ነው የተመዘገብኩት?" አልሽኝ። ባለጋሪው ሳቀ፤ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ግምጃ ቤት ሆነ። ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው ስገባ "ግምጃ ቤቱ መጣ፣ እጃችሁን ሰብስቡ" ትዪያቸው ነበር። የማድ ቤቱ ጣሳዎች ላይ በማርከር ስም ስጽፍባቸው፣ ሆን ብለሽ ስኳር የሚለው ውስጥ ጨው ትጨምሪ ነበር። ስቆጣሽም ለእኔ ስኳር ምን ይሠራልኛል፣ ባዶ ከሚሆን ጨው ይቀመጥበት ብለሽ ታልፊኝ ነበር። በሕመምሽ የምትቀልጂው አንቺ፣ መርፌሽን በሰዓቱ የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ሰዓት አላሳለፍኩብሽም። ሰው ይህን እንደ ፍቅር ሲያወራልኝ ዝም ብዬ እሰማ ነበር። እውነቱን ስመረምረው ግን እጠብቅ የነበረው ሰዓቱን ነው።

ያን ክረምት አስታውሺ። መብራት ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። ፍሪጁ ስለሞቀ የመድኃኒት ብልቃጦችሽን ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ከተሽ፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከአልጋው ሥር አስቀመጥሽው። ጨርቁን ጠዋትና ማታ ታረጥቢው ነበር። ከቆቦ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውንና አንድ ብርድ ልብስ ባጃጅ ላይ ጭነው ወጡ። አንቺም በዚያው ቀን እንውጣ አልሽኝ። "ሁለት ሰው የሚይዘውን ብቻ እንያዝ፣ እንድሪስ። የቀረውን አላህ ያውቃል።"

እኔ ግን ሦስት ቀን እንደሚያስፈልገን አስልቼ ነበር። አንዱ ቀን ለመለየት፣ አንዱ ለማሸግ፣ አንዱ ለመጫን። ከባድ ዕቃ ከሥር፣ ተሰባሪ በልብስ መሃል፣ ቶሎ የማይፈለግ ከፊት። በራችን ላይ የሚያልፈው ሰው ቤቱን ቀለም ቀብታችሁ ነው የምትወጡት እያለ ያሾፍብን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተራመስ በሥርዓት የሚወጣው አንድ ቤት የእኔ መሆኑ ያኮራኝ ነበር። የመድፉ ድምፅ እየቀረበ ነው ስትዪኝ፣ አሁን አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነኝ፣ አታቋርጪኝ ያልኩሽን አስታውሳለሁ።

ማሰሮውን ጭኔ ላይ ይዤው ልሂድ አልሽ። እኔም አስረዳሁሽ። ጋቢናው ከሞተሩ በላይ ስለሆነ ይሞቃል፤ መንገዱ ይንጣል፤ ሸክላ ጭን ላይ ይሰበራል። በልብስ መሃል ታሽጎ ከጭነቱ ሥር ቢሆን ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አይነቃነቅም። የጠዋቱን መርፌ ወስደሻል፤ የማታው ደሴ ሐያት ቤት ስንደርስ ይወሰዳል። ዛሬም ደግሜ ባስበው ከዚህ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ነገር አላገኝም። ምክንያቴ ሁሉ ልክ ነበር፤ በልክ ምክንያት ነው የገደልኩሽ።

አንቺስ ለምን ታዘዝሽኝ? በጨውና በስኳር ለሃያ ስምንት ዓመት ያልታዘዝሽኝ ሴት፣ ሕይወትሽ ያለበትን ማሰሮ ለምን ሰጠሽኝ? ዓመቱን ሙሉ በዚህ ስቆጣሽ ከርሜያለሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ጮኼብሽ አውቃለሁ። እምቢ ብትዪ ኖሮ፣ ብትሰድቢኝ ኖሮ፣ ካርቶኑን ብትቀድጂው ኖሮ። መልሱ ቀላል እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ደክሞሽ ነበር። ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ዕቃ ማሸግ ጤነኛ ሰውንም ይጥላል።

አበራ ሸራውን አልብሶ ገመዱን አሰረ። ቋጠሮው የላላ መሰለኝ። ሃያ ዓመት ጭነት አስሬያለሁ ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ፈትቼ በራሴ እጅ አጠበቅኩት። ከዚያ ሦስታችንም ጋቢና ገብተን ወጣን።

መርሳ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። አህያ፣ አውቶቡስ፣ ትራክተር፣ እግረኛ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቆመ። ሃምሳ ደቂቃ ቆምን። ሰዓቴን እያየሁ ነበርና እርግጠኛ ነኝ። ፊትሽ ላቦት ነበር። ያልሽኝ ይህንን ብቻ ነው፤ "ልቤ ፈራ፣ እንድሪስ። ማሰሮዬን አውጣልኝ።"

በመሥሪያ ቤቴ ስንት ወጣት ሠራተኛ ያስተማርኩትን ሕግ መለስኩልሽ። "ታሽጎ የተጫነ ዕቃ ከመድረሻው በፊት አይፈታም።"

አበራ አንድ አፍታ ነው፣ እትዬ ከጠየቁ እኔ ልፍታላቸው ብሎ በሩን ከፍቶ ነበር። አንተ መሪህን ያዝ አልኩት። በዚህ ሕዝብ መሃል ሸራ ቢገለጥ ዕቃው ይዘረፋል፤ ዝናብ ይመጣል፤ እንደገና ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጃል ብዬ ዘረዘርኩለት። በሩን ዘጋ። አንቺም ዳግመኛ አልጠየቅሽም። የሻሽሽን ጫፍ ጣትሽ ላይ እየጠቀለልሽ ትፈቺው ጀመር።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር። ተኩሱ ከተማው ጫፍ ላይ ተሰማ። ወታደሮች ሁለት ቁስለኛ በቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ጋቢናው ለቁስለኛ ይፈለጋል፣ ውረዱ አሉን። ወረድን። በዚያው ቅጽበት መንገዱ ተከፈተና አበራን ሂድ ሂድ አሉት። ከመኪናው ጎን እየሮጥኩ ሰባተኛው፣ ሰባተኛው እል ነበር። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ማን ያውቃል? መኪናው ሲርቅ ሸራው እንዴት ጥብቅ ብሎ እንደታሰረ አየሁ። አንዲት ጥግ እንኳ አልተገለጠችም።

ዋናው መንገድ ላይ ጥይት ስለነበረ ከሕዝቡ ጋር ግራና ወደምትባለው ከተማ በእግር ሄድን። ውኃ፣ ውኃ ትዪ ነበር። እመት ዘምዘም የሚባሉ ሴት በራቸው ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው ውኃ ሲያጠጡ አንቺን አዩና እጅሽን ይዘው አስገቡሽ። ከየት ናችሁ፣ የማን ልጅ ናት ብለው አልጠየቁም። አልጋቸውን ለቀቁልሽ። ጤና ጣቢያው ሰው አልነበረበትም፤ ባለሙያዎቹም እንደኛው ሸሽተዋል። በግራና ቤት ለቤት እየዞርኩ ኢንሱሊን ያለው ሰው ጠየቅኩ። አንድ ሽማግሌ ኪኒን ሰጡኝ፤ ለአንቺ እንደማይሆን አውቅ ነበር፤ ባዶ እጄን ላለመግባት ይዤው መጣሁ።

አራት ቀን ቆየሽ። በሁለተኛው ቀን ያስታውክሽ ጀመር፤ በሦስተኛው ትንፋሽሽ የበሰበሰ ፍሬ ሸተተ። ስለ ካርቶኑ አንድም ቃል አላነሳሽም። እመት ዘምዘም ምን ዓይነት ታጋሽ ሴት ናት ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ጭንቅላትሽ ገና ጥርት ያለ ሳለ፣ እጅሽን በእጅጌዬ ላይ አድርገሽ አንድ ነገር አዘዝሽኝ። "ለሐያት የሆነውን እንዳለ ንገራት። አትቀባባው።" እሺ አልኩሽ። ከመሐላ የማይተናነስ እሺ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አለፍሽ። ወልድያ ያለው ቅሬያችን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ ስናነሳ፣ የሰው ድንኳን ስንተክል የኖርንበት ቅሬ፣ በየአገሩ ተበትኖ ነበር። የቀበረሽ የግራና ቅሬ ነው። ስምሽን እንኳ ከእኔ ነው የጠየቁት። ወንዶቹ ዝናብ እየደበደባቸው መቃብር ቆፈሩ፤ ሴቶቹ አጠቡሽ። ከፈን ከየት ይምጣ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። እመት ዘምዘም ከሣጥናቸው ሥር ነጭ ጨርቅ አወጡ። ለራሳቸው ሞት ያስቀመጡት ነበር፤ ከተቀመጠ ዓመታት አልፎታል፤ ተጣጥፎ መስመሩ ቢጫ ሆኗል። እኔስ ሌላ ለማዘጋጀት ጊዜ ይኖረኛል አሉ። ከዙህር ሶላት በፊት ተቀበርሽ። ዝርዝር የያዘ አንድም ሰው አልነበረም፤ አንድም ነገር አልጎደለም።

ለሐያት መርዶውን የነገርኳት ስልክ ወደሚሠራበት ስደርስ ነው። የመድኃኒት ባለሙያነቷን ታውቂዋለሽ፤ መድኃኒቱን ከደሴ የምትልክልሽ እሷ ነበረች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ የጠየቀችው እኔ የፈራሁትን ነበር። "አባ፣ መድኃኒቷስ?"

"ረሳችው" አልኩ።

አንድ ቃል ነው። አስቤበት አልነበረም፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል? ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ተቀባበለው። በሰደቃሽ ቀን ሴቶቹ ዘሀራ እንደዚያ ቀልጣፋ ሆና፣ ፍርሃት እኮ ሰው ያስረሳል ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ሐያት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስታዝን የከረመችው በንዴት ነው። አንድ ብልቃጥ ኪሷ ውስጥ መክተት እንዴት ያቅታታል፣ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ለእኔ እንኳ ብላ እያለች። ልጅሽ መቃብርሽን ልትዘይር ግራና አልሄደችም፤ ተቀይማሽ። ያን ቅያሜ ያወረስኳት እኔ ነኝ፤ ስትቀየምሽም አይቼ ደስ ብሎኛል። እውነቱን እንዳለ ንገር ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይኸው እየነገርኩ ነው። ቁጣዋ ወደ አንቺ እስከሄደ ድረስ ወደ እኔ አይመጣም ነበር።

ዘንድሮም ክረምቱ ሲገባ የቆቦ መንገድ እንደገና በሰው ተሞላ። ሐያት ደወለች። አምና የሆነው አይደገምም፤ ደሴ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፣ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ አለች። ማንን እንደምታመጣ ስጠይቃት እናቴ ስትጠፋ ዕቃዋን ያላጠፋውን ሹፌር አለችኝ። አበራን ነው።

ሐሙስ ማለዳ ከመምጣታቸው በፊት ቢላ ይዤ ሰባተኛው ካርቶን ፊት ተቀመጥኩ። ልብሶችሽን ትቼ ማሰሮዋን ብቻ አውጥቼ መጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ ብጥላት ነገሩ አለቀ። ሐያት ደሴ ላይ ካርቶኑን ስትከፍት የእናቷን ቀሚስ ታገኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ያልቃል። ፕላስተሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ላዩ ላይ በእጄ ጽሑፍ ዝርዝሩ አለ። የዘሀራ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ማሰሮ አንድ፣ ተሰባሪ። ማሰሮ አንድ ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈን ዕቃ አጉድዬ ማስረከብ አልቻልኩም። ኅሊናዬ ወቀሰኝ ብል ውሸት ይሆናል። ያስቆመኝ አንቺን የገደለሽ ያው ጠባዬ ነው። ቢላውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐያት እንደገባች አቀፈችኝ፤ ከስቻለሁ አለች። ካርቶኖቹን ስታይ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሃል፣ እዚሁ ከፍተን የማይጠቅመውን ለጎረቤት እንስጥ፣ ማንኪያ ያጣ ሰው አለ አይደል አለችኝ። አነጋገሯ የአንቺው ነበር። አይሆንም፣ መጀመሪያ ይጫን አልኳት። ዓይኖቿን ወደ ላይ አድርጋ ለአበራ እሱ እንዲህ ነው፣ ቻለው አለችው። አበራ አልሳቀም።

የአምናውን ዝርዝር አወጣሁ። በዚያው ቅደም ተከተል ጫንን፤ ሰባተኛው በዚያው ቦታ፣ ከሥር፣ ከግራ በኩል። ሸራው ያው ሸራ ነው። ገመዱን እኔው አሰርኩት፤ እንዳምናው አጥብቄ። አበራ ጎማው ላይ ተደግፎ ያየኛል። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ከሐያት በፊት የገባው ይመስለኛል፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ሐያት ምን ረሳህ አለችኝ። ሸራውን ገለጥኩ፤ ላይ ያሉትን ስድስት ካርቶኖች አወረድኩ፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ሰባተኛውን ጎትቼ አወጣሁ፤ መሬት ላይ አስቀምጬ ቀደድኩት። ቀሚሶችሽን አንስቼ ማሰሮዋን አወጣሁ። አልተሰበረችም። ጨርቁ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። ብልቃጦቹ ውስጧ ናቸው፤ አራት። ሰዓቴን አየሁ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱን ቀን፣ መርሳን፣ ያልሽኝን፣ የመለስኩልሽን፣ አበራ በሩን መክፈቱን፣ ግራናን፣ ለእሷ እንድነግራት ያዘዝሽኝን፣ ስልኩ ላይ የመለስኩላትን ቃል። አልቀባባሁም። እሷ ማሰሮዋን እንጂ እኔን አላየችኝም። አንዱን ብልቃጥ አውጥታ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አደረገችው፤ ሥራዋ ላይ ስትሆን እንደምታደርገው። ራሷ የላከችው እንደሆነ ምልክቱን አይታ አወቀች።

"ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?" አለችኝ።

"አሥራ አንድ።"

"መርሳ ላይ ስንት ቆማችሁ?"

"ሃምሳ።"

ወደ አበራ ዞረች። እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችውም፤ አየችው ብቻ። አበራ ወደ መሬት እያየ በዚያ ቀን እምቢ ብያቸው መፍታት ነበረብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ጭነት ባሰርኩ ቁጥር እሱን አስባለሁ አላት። ከእኔ ይልቅ እሱ ተጸጽቶ ሲናገር ሰማሁ። እኔ አሥራ አንድ ደቂቃውን ስነግራት፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላሳስት በመናገሬ ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ይህንንም ጻፍኩት።

ሐያት አልጮኸችም። ጮኻብኝ ቢሆን እችለው ነበር። ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ቀሚሶችሽን አንድ በአንድ አጣጥፋ መለሰች፤ ማሰሮዋን በመሃላቸው አደረገች፤ ካርቶኑን አቅፋ ወደ ጋቢናው ሄደች። በመስኮቱ በኩል ያለው መቀመጫ የእሷ፣ የመሪው የአበራ፣ በመሃል ለእኔ የተተወ ቦታ ነበረ። ካርቶኑን እዚያ አስቀመጠችው። የመቀመጫውን ቀበቶ ስባ በላዩ አሰረችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። በሩን ለመያዝ ስጠጋ ዓይኔን ሳታይ ተናገረችኝ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብላ።

"ጋቢናው ሞልቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አበራ የወረዱትን ስድስት ካርቶኖች መልሶ ጫነና ሸራውን አሰረ። ቋጠሮው ላላ ብሎ ነበር። አየሁት፤ አልነካሁትም። መኪናው ወጣ። ደሴ የተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንዱም በደህና እንደገቡ አበራ ደውሎ ነገረኝ፤ አልጋዬ ላይ ሰባተኛው ብቻውን መቀመጡን ጨመረልኝ። ሐያት ትናንት ግራና ሄዳ መጥታለች ብሎም ነገረኝ። ምን እንዳለችሽ አልጠይቅሽም።

አሁን ቤቱ ባዶ ነው። የመድፍ ድምፅ ከሰሜን ይሰማል፤ ጎረቤቱ እንደገና እየወጣ ነው፤ በራችን ላይ ሲያልፍ የሚያሾፍ የለም። እኔም ነገ ጠዋት እወጣለሁ። የምይዘው አንድ ሰው ይዞት የሚሄደው ነው። ከገበያ አዲስ ነጭ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ለእመት ዘምዘም ነው፤ ሣጥናቸው ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ከርሟል። እሳቸውን አስቀምጬ፣ የቀበሩሽን ሰዎች ጠርቼ፣ ይህን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ካስጠጉኝ እዚያው ካንቺ አጠገብ እኖራለሁ። ካባረሩኝም ልክ ናቸው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ብትዪኝም አልቀበልሽም፤ ያንን የምትሰጥ ሐያት ናት፣ እሷም አትቸኩል። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። የጋሪው ላይ ሳቅሽን፣ ስኳር የሚለው ጣሳ ውስጥ ያለውን ጨው፣ የሻሽሽን ጫፍ ጣትሽ ላይ ስትጠቀልዪ፣ በእጄ ያጠበቅኩትን ቋጠሮና አሥራ አንዱን ደቂቃ እያስታወስኩ እኖራለሁ። ስምሽ በተነሳበት ሁሉ፣ የሰማኝ ሰው ባይኖርም፣ ቆሜ እናገራለሁ። አንቺ ምንም አልረሳሽም ነበር። እኔም ከእንግዲህ አልረሳም።

ግምጃ ቤትሽ፣
እንድሪስ